ሲ.ቪ. ራማን፡ ብርሃን አሳዶ የያዘው፣ በአልማዝ ፊት የተረታው ሊቅ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

አልማዝ ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቀለበትና የአንገት ጌጥ ነው። ነጋዴው ደግሞ አልማዝ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው እንከን ነው። እንከን ካጣበት ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ካገኘበት ደግሞ ይወርዳል። ሳይንስ ግን ይህንን ገበያ ገልብጦታል። ዛሬ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ያሉ ተመራማሪዎች አልማዝን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ አቀዝቅዘው የሚያሳድዱት ያንኑ ነጋዴ የሚሸሸውን እንከን ነው። ለምን ቢሉ፣ እንከኑ ብርሃን ይሰጣል። ያ ብርሃን ደግሞ አልማዙ ውስጥ ስላለው የአቶሞች ዓለም ብዙ ይናገራል።

ይህን ብርሃን በብርድ ውስጥ አስቀምጦ የማጥናቱን ሥራ ገና በማለዳው በስፋት ካካሄዱት ቤተ ሙከራዎች አንዱ የሚገኘው አውሮፓ ወይም አሜሪካ አልነበረም። ህንድ፣ ባንጋሎር ከተማ ነበር። ባለቤቱም በሳይንስ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የመጀመሪያው እስያዊ፣ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ነው። ስለ ራማን ብዙ ጊዜ የሚነገረን የድሉ ታሪክ ነው። የአልማዙ ታሪክ ግን ብዙም አይወራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአልማዙ ታሪክ ውስጥ ታላቁ ሰው ተሸንፏል። እኛም ዛሬ ሁለቱንም እናያለን።

የመምህሩ ልጅ

ራማን በ1888 ህዳር 7 ቀን በደቡብ ህንድ ቲሩቺራፓሊ በተባለች ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከስምንት ልጆች ሁለተኛው ነው። አባቱ የሂሳብና የፊዚክስ መምህር ስለነበሩ ቤቱ ሀብት ባይኖረውም መጽሐፍ ነበረው። ልጁም በዚያው መጽሐፍ መሐል አደገ። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናውን ያለፈው እኩዮቹ ገና ኳስ በሚያሳድዱበት በ11 ዓመቱ ነው። ማድራስ ከተማ ካለው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ በ1904 የመጀመሪያ ዲግሪውን በአንደኝነት ሲቀበል ገና 16 ዓመት አልሞላውም። የፊዚክስ የወርቅ ሜዳሊያውም የእሱ ሆነ። በ1906 ደግሞ ማንም ሳይመራው የሠራውን የብርሃን ጥናት ለንደን በሚታተም ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ያኔ 18 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ዘመን የህንድ ብሩህ ወጣት መንገዱ አንድ ነበር፤ ወደ እንግሊዝ ሄዶ መማር። ራማን ግን ሰውነቱ ደካማ ስለነበር የመረመረው የመንግሥት ሐኪም የእንግሊዝን አየር አትችለውም ብሎ ከለከለው። ህንድ ውስጥ ደግሞ በሳይንስ ምርምር እንጀራ መብላት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ተቀመጠ። አንደኛ ወጣ። በ1907 አግብቶ፣ ሚስቱን ሎካሱንዳሪን ይዞ፣ ረዳት ዋና ሒሳብ ሹም ሆኖ ወደ ካልካታ ሄደ። ዕድሜው 18 ነበር።

ከቢሮ በፊትና ከቢሮ በኋላ

መቼም ሰው የተፈጠረለትን ነገር አያጣውም። ራማን ካልካታ በገባ ሰሞን በመንገድ ላይ ሲያልፍ የህንድ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት ሕንፃ ያያል። ማኅበሩን በ1876 ያቋቋሙት ማሄንድራላል ሲርካር የተባሉ ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙ ህንዳውያን በራሳቸው አገር ምርምር የሚሠሩበት ቤት ይኑራቸው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢደክሙም ሠሪ አጥተው ነው የሞቱት። ቤተ ሙከራው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ራማን በሩን አንኳኳ። ተከፈተለት።

ከዚያ በኋላ ለ10 ዓመት የኖረው ኑሮ ይህ ነው። ማለዳ ተነስቶ ቤተ ሙከራ ይገባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ሒሳብ ሹም ቢሮው ይሮጣል፣ ከሥራ ሲወጣ ተመልሶ ቤተ ሙከራ ገብቶ ያመሻል። ቅዳሜና እሁድ የሚባል ዕረፍት የለም። የቫዮሊንን ክርና የህንድ ከበሮዎችን ድምፅ ሲያጠና ቆይቶ ወደ ብርሃን ተመለሰ። በ1917 የካልካታ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ወንበር አቀረበለት። ለወንበሩ የተቀመጠው ደንብ ተሿሚው ውጭ አገር ሄዶ እንዲሠለጥን ያስገድድ ነበር። ራማን አልሄድም አለ። ደንቡ ለእሱ ሲባል ተነሳ። ደመወዙ መንግሥት ከሚከፍለው በእጅጉ ያንስ ነበር፤ እሱ ግን የሞቀ ሥልጣኑን ጥሎ ገባ።

የባሕሩ ሰማያዊነት

በ1921 ራማን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። መርከቡ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሲቀዝፍ የውኃው ሰማያዊነት ልቡን ሰረቀው። ሎርድ ሬይሊ የተባሉት ታላቁ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የባሕር ቀለም የሰማይ ነጸብራቅ ነው ብለው ነገሩን ዘግተውት ነበር። ራማን ኪሱ ውስጥ ከነበረችው ትንሽ የብርሃን ማጣሪያ ክሪስታል ጋር የመርከቡ ጠርዝ ላይ ቆመ። በክሪስታሏ ነጸብራቁን አጥፍቶ ቢያይ ባሕሩ ሰማያዊነቱን አልለቀቀም። እንዲያውም ባሰበት። ቀለሙን የሚፈጥረው ውኃው ራሱ ብርሃንን ሲበትን ነው ማለት ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ቦምቤይ ወደብ እንደደረሰ ጽሑፉን ለንደን ወደሚታተመው ኔቸር መጽሔት ላከ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አንድ ሆነ። ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ለሰባት ዓመት ከተማሪዎቹ ጋር ይህንኑ ፈተሸ። በ1928 የካቲት 28 ቀን፣ ከተማሪው ኬ.ኤስ. ክሪሽናን ጋር ሲሠራበት የቆየው ሙከራ ፍሬ ያዘ። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ብርሃን ወደ ፈሳሽ ሲላክ፣ ተበትኖ ከሚወጣው ብርሃን ውስጥ ጥቂቱ ቀለሙን ቀይሮ ይወጣል። የለውጡ መጠን ደግሞ በፈሳሹ ሞለኪውሎች መርገብገብ ይወሰናል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ነገር ብርሃኑ ላይ የራሱን የጣት አሻራ ያትምበታል ማለት ነው። ወደ 60 በሚሆኑ ፈሳሾች ላይ ተሞክሮ ያው ሆነ። ዛሬ መድኃኒት የሚመረምር፣ ፈንጂ የሚለይ፣ የከበረ ድንጋይ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ የሚያጣራ መሣሪያ የሚሠራው በዚህ የራማን ክስተት ነው።

በዚያው ሰሞን ሞስኮ ውስጥ ላንድስበርግና ማንደልስታም የተባሉ ሁለት ሩሲያውያን በክሪስታል ላይ ተመሳሳዩን ነገር አይተው ነበር። ራማን ግን በሕትመት ቀደማቸው። በዚህ የተነሳ የቀረው ቅሬታ ለዓመታት አልጠፋም። የ1930 የፊዚክስ ኖቤል ለራማን ብቻ ተሰጠ። የሚገርመው በራሱ ላይ የነበረው እምነት ነው። ሽልማቱ የሚታወጀው በህዳር ሆኖ ሳለ እሱ ለራሱና ለሚስቱ ወደ ስዊድን የሚወስደውን የመርከብ ቲኬት የቆረጠው በሐምሌ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን ከእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ተቀምጦ ለአገሩ የራሷ ባንዲራ እንኳን እንደሌላት ሲያስብ እንባ ተናነቀው።

ባንጋሎር፡ ክብርና ጠብ

በ1933 ራማን ባንጋሎር የሚገኘው የህንድ የሳይንስ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው ህንዳዊ ዳይሬክተር ሆነ። በማግሥቱ ዓመት የህንድ የሳይንስ አካዳሚን አቋቋመ። የሥራ ሰው ነው፤ አስተዳዳሪ ግን አልነበረም። ሰው አያባብልም። ሲናገር ቆርጦ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ወደ ፊዚክስ ክፍል አዞረው ተብሎ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተጣላ።

በዚያን ጊዜ በጀርመን ናዚዎች ሥልጣን ይዘው አይሁድ ሊቃውንትን እያባረሩ ነበር። ራማን ከተባረሩት አንዱ የሆነውን ታላቁን የቲዎሪ ሰው ማክስ ቦርንን ጠርቶ በ1935 ባንጋሎር አመጣው። በፕሮፌሰርነት እንዲቀጠርም ተከራከረለት። ኢንስቲትዩቱ ግን አልተቀበለውም፤ ቦርንም ወደ ስኮትላንድ ሄደ። በ1936 የተቀመጠው አጣሪ ኮሚቴ ራማንን ጥፋተኛ አድርጎት በ1937 ከዳይሬክተርነቱ ወረደ። የፊዚክስ ፕሮፌሰርነቱ ግን ቀረለት። ሥልጣን ሲቀርበት ያለ የሌለ ጉልበቱን ያፈሰሰው አልማዝ ላይ ነው።

300 አልማዝ

ራማን አልማዝን የወደደው ለጌጥነቱ አይደለም። አልማዝ ከካርቦን አቶም ብቻ የተሠራ፣ አሠራሩም ቀላል የሆነ ክሪስታል ነው። ስለ ጠጣር ነገሮች የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው ብሎ አመነ። በማዕከላዊ ህንድ ካለው የፓና ማዕድንና ከአፍሪካ የተገኙ ወደ 300 የሚሆኑ አልማዞችን ሰበሰበ። ተማሪዎቹን በየፊናቸው አሰማርቶም ሙቀት እንዴት እንደሚያስተላልፉ፣ ኤክስሬይ እንዴት እንደሚመልሱ፣ ብርሃን እንዴት እንደሚበትኑ እንዲያጠኑ አደረገ።

ከሁሉም የሚማርከው ግን የአልማዙ ፍካት ነበር። ለዓይን በማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ አንዳንዶቹ አልማዞች ሰማያዊ፣ አንዳንዶቹ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው ይፈካሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ አይፈኩም። ከአንድ ማዕድን የወጡ፣ ለዓይን አንድ ዓይነት የሆኑ ድንጋዮች ለምን ይለያያሉ?

መልሱን ለማግኘት ብርሃኑን በስፔክትሮግራፍ ወደ ቀለማቱ መበተን ያስፈልጋል። በተራው ሙቀት ላይ ግን የአልማዙ አቶሞች ስለሚንቀጠቀጡ ብርሃኑ ተደፍርሶ ሰፊ የቀለም ጭጋግ ይሆናል። በመርካቶ ግርግር መሐል የአንድ ክራር ድምፅ ለመለየት እንደመሞከር ነው። መፍትሔው ገበያውን ጸጥ ማሰኘት ነው፤ ማለትም አልማዙን ማቀዝቀዝ። የባንጋሎር ተመራማሪዎች አልማዙን በፈሳሽ አየር ከዜሮ በታች ወደ 190 ዲግሪ አካባቢ አወረዱት። ያኔ ጭጋጉ ተገፎ ቀጭንና ጥርት ያሉ መስመሮች ብቅ አሉ። በሰማያዊው ፍካት ውስጥ ዋናው መስመር 415 ናኖሜትር ላይ፣ በአረንጓዴው ደግሞ 503 ናኖሜትር ላይ ተቀምጧል። የራማን ተማሪ የነበረው ናያር በ1941 ባወጣቸው ጽሑፎች እነዚህን መስመሮች በዝርዝር መዘገበ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዛሬም አልማዝ የሚመረምር ባለሙያ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ሌሊቱን ከአልማዝ ጋር ያደረችው ወጣት

ከዚህ ሥራ ትልቁን ሸክም ከተሸከሙት መካከል አና ማኒ የተባለች ወጣት ትገኝበታለች። በ1918 በዛሬዋ ኬራላ የተወለደችው አና በ1940 የምርምር ስኮላርሺፕ አግኝታ ወደ ራማን ቤተ ሙከራ መጣች። ከ30 በላይ አልማዞችን ፍካት፣ የሚመጡትን ብርሃንና የራማን መስመሮቻቸውን መዝግባ ተነተነች። የደካማ መስመሮችን ፎቶ ለማንሳት ፕሌቱ ለ15 እና ለ20 ሰዓት ያህል ብርሃኑን መቀበል ነበረበት። በዚህ ሁሉ ሰዓት ደግሞ አልማዙ ሳይሞቅ ፈሳሽ አየር እየተጨመረለት መቆየት አለበት። አና ብዙ ሌሊት እዚያው ቤተ ሙከራ ታድር ነበር።

ራማን ከዘመኑ ሰዎች ቀደም ብሎ ሴት ተማሪዎችን ተቀብሏል ቢባልም ነገሩ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። ካማላ ሶሆኒ የተባለችውን የባዮኬሚስትሪ ተማሪ በ1933 ሴት ስለሆንሽ አልቀበልም ብሎ መልሷት ነበር። እሷ አልሄድም ብላ ስትጸና ነው በብዙ ቅድመ ሁኔታ ያስገባት። እሷም በኋላ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ይዛ ወጣች። በራማን ቤተ ሙከራ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ የሚያደርግ ጥብቅ ሥርዓት ነበር። ሳይንስ ደግሞ ግማሹ የሚሠራው በጨዋታ መሐል ነው።

አና ማኒ ከ1942 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ስለ አልማዝ ፍካት አምስት ጽሑፎችን ብቻዋን ጽፋ አሳተመች። በነሐሴ 1945 የዶክትሬት ጽሑፏን ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ አቀረበች። መልሱ አጭር ነበር፤ የማስተርስ ዲግሪ ስለሌላት ዶክትሬት አይገባትም ተባለ። አምስት የታተመ ጽሑፍ ከአንድ ወረቀት አነሰ። ያ የዶክትሬት ጽሑፍ ዲግሪ ሳያስገኝ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት ቀረ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ እንግሊዝ ሄዳ የአየር ንብረት መለኪያ መሣሪያዎችን አጥንታ ተመለሰች። በህንድ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም የፀሐይና የነፋስ ኃይል ልኬት መሠረት ጣለች። በ2001 እስከ ሞተችበት ድረስም የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራትም።

አልሸነፍም ባይነት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፍካቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው? ብዙዎቹ አልማዙ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ራማን ግን አይሆንም አለ። ፍካቱ የአልማዙ የራሱ ባሕርይ ነው፤ የካርቦን አቶሞቹ የሚደረደሩባቸው የተለያዩ ስልቶች አሉ፣ ስልቶቹ አንድ ድንጋይ ውስጥ ሲቀላቀሉ ፍካት ይፈጠራል ብሎ አስተማረ። በ1944 አካዳሚው ስለ አልማዝ ብቻ የተዘጋጁ ጽሑፎችን በአንድ ላይ ሲያሳትም የሐሳቡ ምሰሶ ይህ ነበር። ለንደን ላይ ታዋቂዋ የክሪስታል ሊቅ ካትሊን ሎንስዴል የኤክስሬይ ማስረጃው ይህን አይደግፍም ብላ ተቃወመችው። እሱ ግን አልሰማም።

ሌላው ሙግት ከቦርን ጋር ነበር። ያ ራማን ከናዚ እጅ ያመለጠ ጊዜ ቤት የሰጠው፣ የተከራከረለት ቦርን አሁን ባላንጣ ሆኖ ብቅ አለ። የቦርን ቲዎሪ በክሪስታል ውስጥ የአቶሞች መርገብገብ ቁጥር ስፍር የሌለው፣ የተያያዘ ነው ይላል። ራማን ደግሞ ውስን ዘጠኝ ዓይነት መርገብገብ ብቻ ነው ያለው ብሎ የራሱን ቲዎሪ አወጣ፤ ለማስረጃነትም የአልማዙን ጥርት ያሉ መስመሮች አቀረበ። በ1948 የቦርን ተማሪ ሄለን ስሚዝ እነዚያው ባንጋሎር የተለኩ መስመሮች በቦርን ቲዎሪ እንደሚብራሩ በስሌት አሳየች። ራማን አሁንም አልተቀበለም።

ጊዜ ግን ፈራጅ ነው። በ1959 ካይዘርና ቦንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አብዛኞቹ የተፈጥሮ አልማዞች ናይትሮጂን እንዳለባቸው አረጋገጡ። ውሎ አድሮ የሰማያዊው ፍካት ምስጢር ተፈታ። 415 ላይ ያለው መስመር የሚመጣው አንድ የካርቦን አቶም ከጎደለበት ክፍት ቦታ ዙሪያ ሦስት የናይትሮጂን አቶሞች ሲቀመጡ ነው፤ 503 ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ሲሆኑ። ፍካቱ እንግዲህ ከእንከን ነው የሚመጣው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒውትሮን የተደረጉ ልኬቶችም የመርገብገቡን ሙግት ለቦርን ፈረዱ። ራማን በሁለቱም ተረታ። ልኬቶቹ ግን አልተረቱም። በብርድና በሌሊት የተነሱት ፎቶዎች ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሐኪም አትችልም ሲለው፣ ሬይሊ ነገሩን ሲዘጋው፣ ዩኒቨርሲቲው ውጭ አገር ሂድ ሲለው፣ ራማንን ለኖቤል ያበቃው እምቢ ባይነቱ ነው። አልማዝ ላይ ዓመታቱን የበላውም ያው እምቢ ባይነት ነው። በሃያ ዓመት ወጣትነት ጸጋ የነበረው ባሕርይ በስድሳ ዓመት ግድግዳ ሆነ። በዙሪያው ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ተሳስተሃል የማለት አቅም አልነበራቸውም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1948 ራማን ከኢንስቲትዩቱ ጡረታ ወጥቶ በማይሶር ማሃራጃ ስጦታ መሬት ላይ በተሠራው የራማን ምርምር ተቋም ገባ። የመንግሥት ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ እየዞረ ከበጎ አድራጊዎች መለመንን መረጠ። በ1954 ህንድ ትልቁን የክብር ሽልማቷን ባራት ራትናን ሰጠችው። በ1968 ከ44 ዓመት በፊት የመረጠውን የለንደኑን ሮያል ሶሳይቲ አባልነቱን ለቀቀ። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ አይደለም። በዚህ ሁሉ መሐል የዕንቁውን፣ የኦፓሉንና የአበባውን ቀለም ማጥናቱን አላቋረጠም። ሕፃናት ሲጎበኙት አልማዞቹን ጨለማ ክፍል ውስጥ እያፈካ ማሳየት ይወድ ነበር።

በ1970 ጥቅምት ወር ላይ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሳለ ወደቀ። ሆስፒታል ቢወሰድም መሞቻዬ ግቢዬ ነው ብሎ ተመለሰ። ህዳር 21 ቀን በ82 ዓመቱ አረፈ። እንደ ፈቃዱ አስከሬኑ ያለ ሃይማኖታዊ ሥርዓት በተቋሙ የአትክልት ቦታ ተቃጠለ። ሐውልት አልቆመለትም፤ ቦታው ላይ ዛፍ ተተከለ።

እንከኑ ሲከብር

ራማን ከሞተ በኋላ የአልማዝ እንከን ዋጋው ጨመረ። በ1997 በጀርመን ተመራማሪዎች አልማዝ ውስጥ ያለች አንዲት ነጠላ እንከን፣ አንድ ናይትሮጂን ከአንድ ክፍት ቦታ ጋር፣ የምትሰጠውን ብርሃን ለይተው አዩ። በ2015 በሆላንድ ዴልፍት ከተማ 1.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት አልማዞች ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ቀዝቅዘው፣ እንከኖቻቸው በብርሃን ተገናኝተው፣ አንስታይንን ያስጨነቀውን የኳንተም ጥያቄ ያለ ማምለጫ ቀዳዳ ለመፈተን በቁ። ዛሬ ደግሞ ከናይትሮጂን ይልቅ ሲሊከን የገባባቸው አልማዞች ከዚያም በባሰ ብርድ፣ ከፍፁም ዜሮ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው መረጃ እንዲይዙ ተደርገዋል። በ2024 በወጣ የምርምር ውጤት እንዲህ ያሉ ሁለት አልማዞች በቦስተን ከተማ ሥር በተዘረጋ 35 ኪሎ ሜትር የፋይበር መስመር ተገናኝተዋል። ዘዴው ግን ያው የባንጋሎሩ ነው፤ አቀዝቅዝ፣ ጸጥ አሰኝ፣ ከዚያም ብርሃኑን ስማ።

ህንድ የካቲት 28 ቀንን ከ1987 ጀምሮ ብሔራዊ የሳይንስ ቀን አድርጋ ታከብራለች። የሚከበረው ያ ድል ያገኘበት ቀን ነው፤ ይገባዋልም። የአልማዙ ዓመታት ግን ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ራማን በአልማዙ ውስጥ እንከን የለም ብሎ ሃያ ዓመት ተከራከረ፤ ሲፈልገው የኖረው ብርሃን ግን የሚመጣው ከዚያው ከእንከኑ ነበር።